ሁለት ስፔስ

መልእክቱ ደረሰ።

ግን መስመሩ ተንጋዷል።

ወስፌ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ስክሪኑ ላይ ያለው ኮድ በግራ በኩል ገባ ወጣ ብሏል። የእትዬ ኮድ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሥራው ላይ ነው።

ወስፌ የምስጢር ስሙ ነው። እዚህ መሥሪያ ቤት የሚያውቁት «አቶ መስመር» ብለው ነው። የማን ኮድ ከየት ይጀምር፣ ምን ያህል ገባ ይበል እያለ ፕሮግራመሮቹን ሲነዘንዝ ይውላል። ነዝናዛን ሰው ይሸሸዋል እንጂ አይጠረጥረውም። ይህን ሽፋን የመረጠውም ለዚሁ ነው።

ድርጅቱ የሚሠራው ፕሮግራም ሰውን በስልኩ ተከታትሎ የሚያስይዝ ነው። ከፕሮግራሙ ጸሐፊዎች ሁሉ አንጋፋዋ እትዬ ናቸው። ቀጥሎ የሚታደነው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ አውቀው ዝም ማለት ግን አልሆነላቸውም። ስልክ በር ላይ ይቀራል። ወረቀት ይፈተሻል። ስለዚህ እትዬ ለወስፌ በባዶ ቦታ ይጽፋሉ።

የኮድ መስመር ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ባዶ ቦታ አለ። የታብ ቁልፍን አንዴ መትቶ መግባት ይቻላል፤ ስፔስን ደጋግሞ መትቶም ይቻላል። ላየው ሰው ሁለቱም ያው ባዶ ናቸው። ታብ ረጅም፣ ስፔስ አጭር፤ እንደ ድሮ ቴሌግራም። ወስፌ ኮድ መጻፊያ ፕሮግራሙን፣ ኤዲተሩን፣ «የተደበቀውን አሳየኝ» ሲለው ታቡ ቀስት፣ ስፔሱ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ያነባል፣ መልሶ ይደብቃል።

አሁንም አነበበ።

«ምሳ ሰዓት። በጓሮ በር እወጣለሁ። መኪና አቅርብ።»

ከዚያ ነጥቦቹን አስተዋለ። አጭሩ ምልክት ሁሉ የተመታው ሁለት ሁለት ስፔስ ሆኖ ነው።

እትዬ የሚመቱት ስምንት ነው። የእሳቸውም የወስፌም ኤዲተር ታብን በስምንት ስፔስ ስፋት ያሳያል። ልኩ ካልገጠመ መስመሩ ይንጋደዳል፤ የተንጋደደ ነገር ደግሞ ዓይን ይስባል። ይህን የጻፈው ሰው ግን ታቡ በሁለት የተስተካከለ ነው። በእሱ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ይታያል። ስህተቱን ራሱ ሊያየው አይችልም።

እዚህ ፎቅ ላይ በሁለት የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ አለ።

ሙጫ።

የኔትወርክ ቴክኒሻኑ። በዚህ ምስጢር የወስፌ አጋር። የእህቱ ባል።

ወደዚህ ሥራ ያስገባው ራሱ ወስፌ ነው። «ኮድህ ተጣቦ መተንፈሻ አጣ እኮ» እያለ ስንቴ ቀልዶበታል። ሙጫም «ስክሪኔ እንደ እኔ ቀጫጫ ናት፣ ምን ላድርግ» ብሎ ይስቅ ነበር። ወስፌ ከወንበሩ ተነሣ።

ሙጫን የሰርቨር ክፍል ውስጥ ኬብል ሲስብ አገኘው። የማቀዝቀዣው ጩኸት የሰው ድምፅ ይውጣል።

«አንተ ነህ የጻፍከው» አለ ወስፌ።

ሙጫ አልካደም። ኬብሉን ለቀቀው።

«ለእሳቸውም ጽፌያለሁ። በአንተ ስም። ወደ ጓሮ በር ይውረዱ ብዬ።»

«ለምን?»

«እህትህን ይዘዋታል።»

ወስፌ መደርደሪያውን ተደገፈ። «መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ከደጃፍ ላይ። ሴትዮዋን ስጠን፣ ሚስትህ ማታ ቤቷ ትገባለች አሉኝ። መልእክቱን የሚቀበለውንም አውርድ ብለው አናቴ ላይ ቆመው አጻፉኝ። አንተ ግን አትውረድ። ማን እንደሆንክ አልነገርኳቸውም። እሷን ይንሳኝ።»

«እትዬስ?»

«እሳቸው የኖሩትን ኖረዋል። እህትህ ግን ገና…» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ምንም አድርግልኝ አላልኩህም፣ ወንድሜ። ዝም ብለህ ወንበርህ ላይ ቁጭ በል። ሌላ አልጠየቅኩህም።»

ወስፌ ወንበሩ ላይ ተመለሰ።

ዝም ብሎ መቀመጥ። ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም።

እናታቸው ስትሞት እህቱ ትንሽ ልጅ ነበረች። ፀጉር መጎንጎን የተማረው ለእሷ ብሎ ነው፤ እንዳያማት ቀስ እያለ፣ ትምህርት ቤት እየረፈደባት። ከሰው ሁሉ አብልጦ ይወዳታል። እትዬ ከተያዙ ደግሞ ሲያተርፏቸው የኖሩት ሰዎች በሙሉ ከእሳቸው አፍ ተፈልቅቀው ይወጣሉ። እነሱም የሰው እህት፣ የሰው እናት ናቸው።

ሙጫ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ እትዬና ወስፌ ብቻቸውን ሆነው ተነጋግረውበታል። ኮዱ በድንገት ግራ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ፣ ማንም ምንም ቢላቸው ሁሉን ጥለው በፊት በር ይወጣሉ።

የጋራ ማስተካከያ ፋይሉን ከፈተ። እዚያ የተጻፈ ደንብ በቤቱ ኤዲተር ሁሉ ላይ ይጸናል። የታብ ስፋት ብቻ እንደ ጫማ ቁጥር ለየሰው ምርጫ ተትቷል። ወስፌ ክፍት ቦታው ላይ ጻፈ።

የታብ ስፋት፦ አንድ።

ጣቱ ሴቭ ላይ ቆመ።

እህቱ።

ተጫነው።

ጉርምርምታው ወዲያው ተነሣ። «አቶ መስመር፣ ምን ነክቶህ ነው?» አለ አንዱ። «ኮዴ እንደ ጋዜጣ ዓምድ ሆነ እኮ» አለች ሌላዋ።

እትዬ በመስታወት በተከለለው ክፍላቸው ውስጥ ስክሪናቸውን አዩ። አንዴ ብቻ። ቦርሳቸውን አነሱና ቀስ ብለው መጡ። አጠገቡ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ኮዴን አበላሸኸው።»

«ይቅርታ እትዬ። ቸኩዬ ነው።»

«እንግዲህ ስመለስ አስተካክለህ ጠብቀኝ።»

ትከሻውን ነካ አድርገውት አለፉ። ለእሳቸው ሲል ምን እንደከፈለ አላወቁም። ለምሳ ከሚወጣው ሰው ጋር ተቀላቅለው በፊት በር ወጡ።

ማስተካከያውን የለወጠው ወስፌ መሆኑ ፋይሉ ላይ ተመዝግቧል። ለእሱም ጊዜ አልቀረውም። ኮቱን ተመላሽ መስሎ እንዲታይ ወንበሩ ላይ ተወው።

የሰርቨር ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሙጫ ትንሿን ስክሪኑን ያያል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ገባው። አፉን ከፈተ።

ወስፌ ጩኸቱን ጠበቀ።

ሙጫ አልጮኸም። መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከሳምንታት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው ወስፌ አጠገብ ቆመ።

«እትዬ ድንበር ተሻግረዋል» አለው ፊቱን ሳያዞር። «የምናውቃቸው ሰዎችም በሙሉ ተርፈዋል።»

«እህቴስ?»

«ስለ እሷ የነገረኝ የለም።»

አውቶቡሱ መጣ። ሰውየው ተሳፍሮ ሄደ።

ወስፌ አሁን ፕሪንተር ይጠግናል። የቅጽል ስም ያወጣለት ሰው የለም። የተከራያት ክፍል ጠባብ ናት። አከራይዋ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ብቻህን ነህ እንዴ ልጄ? እህት ወንድም የለህም?»

«የለኝም።»

«ውይ፣ አይዞህ። እኔ አለሁልህ» ብለው ቁልፉን ሰጡት።

አመስግኖ በሩን ዘጋ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የእህቱን ስም አንዴ ድምፁን አውጥቶ ሊጠራው ፈለገ። ግድግዳው ስስ ነው፤ አከራይዋ ወዲያ ማዶ ዕቃ ሲያነሱ ሲጥሉ ይሰማል።

አልጠራውም።