የሚመታ እብጠት

ሰፈርተኛው «ሊቁ» የሚለው ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። በወጣትነቱ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካርቶን ሲያወርድና ሲጭን ኖሯል፤ ከካርቶኑ ጋር እውቀቱም የተራገፈለት ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም፤ ጠያቂ ስለማያጣም አፉ አይዘጋም።

ታናሽ ወንድሙ አናጢ ነው። ሥራ ላይ ሳለ ጣውላ ወድቆ ከጆሮው በላይ መታው። ቁስሉ ቶሎ ቢድንም ከሳምንታት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ለስላሳ እብጠት ወጣ። ሆስፒታል ያየችው ሐኪም ዳስሳው፣ በአልትራሳውንድ ሳይታይ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀች። ሊቁ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አልትራሳውንድ? አርግዟል እንዴ?»

እብጠቱን በጣቱ ጫን አለው። ከሥሩ ድም ድም ይላል። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰበስብ ነበር፤ እሱ ግን መግሉ በስሏል ብሎ ፈረደ፤ ሊበጣውም ምላጭ አነሳ።

«ጋሼ፣ አይነካ ተብሏል እኮ፤ ነገ ወስጄው ይታይ» አለች የአናጢው ሚስት።

ሴት ስለ ሕክምና ምን ታውቃለች ብሎ አፏን አዘጋት። አናጢውም ታላቁን ላለማስቀየም ተቀመጠለት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ይኼኛውስ በንፍጥ ባበቃ።

ምላጩ ገና ሲነካው ደሙ ተስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ አረፈ። አናጢው ራሱን ሳተ። ሊቁ ምላጩን ጥሎ ወደ ደጅ ሮጠና ጩኸቱን ያቀልጠው ጀመር። ሚስቲቱ ቁስሉን በፎጣ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ እጇን ሳታነሳ በታክሲ ሆስፒታል አደረሰችው።

ሐኪሟ ኋላ ለደረሰው ሊቁ የአልትራሳውንዱን ስክሪን አሳየችው። መግል የሚባል የለም። በጣውላው ምት የተቀደደ የደም ሥር ደም እያፈሰሰ ከጎኑ ከረጢት ሠርቷል፤ ልቡ በመታ ቁጥር ደሙ እየገባ ይሽከረከርበታል።

«ሲመታ አልተሰማዎትም?» አለችው።

«ተሰምቶኛል።»

«ታዲያ መግል ይመታል?»

የደም ሥሩ በቀዶ ሕክምና ታሰረ።

በማግስቱ፣ ራሱን ስቶ ስለነበር ማን እንዳደረሰው ያላወቀው አናጢ የታላቁን እጅ ያዘ። «ጋሼ፣ ቶሎ ባታደርሰኝ አልቆልኝ ነበር።»

ሊቁ እንደ ልማዱ ምስጋናውን ዝም ብሎ ሊቀበል ይችል ነበር። ሚስቲቱም ቆማ ታየዋለች።

«ያደረሰችህ እሷ ናት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ የበጣሁህ ነኝ፤ ከዚያም ጥዬህ ሮጥኩ።»

ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሕመም ካወራው ሁሉ እርግጡ ይኸው ብቻ ነው። እናንተም ከምት በኋላ ያበጠ፣ ጣት ሲያርፍበትም የሚመታ ነገር ብታገኙ፣ ምላጩንም «አውቃለሁ» ባዩንም አርቁና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።