ሃምሳ ሦስት ኪሎ

«ሱሪህንም አውልቅ» አለ አሰልጣኝ ቢንያም። «ሱሪም ይመዝናል።»

ጉታ በቁምጣ ብቻ ቀረና ባስኩላው ላይ ወጣ። ባስኩላው የእህል ነጋዴው የኦቦ ዘርሁን ነው፤ ጤፍና ስንዴ በኩንታል የሚመዘንበት ሰፊ የብረት ሚዛን። የሱሉልታ የቦክስ ክለብ የራሱ ሚዛን ስለሌለው ልጆቹ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በፊት በጆንያዎቹ መሀል ተሰልፈው እዚህ ይመዘናሉ። የጤፉ ብናኝ ያስነጥሳል፤ የብረቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ከእግር ተነስቶ ጥርስ ድረስ ይዘልቃል።

አሰልጣኙ ዘንጉ ላይ የምትንሸራተተውን ብረት ወዲያ ወዲህ ገፋ ገፋ አደረገና «ሃምሳ ተኩል» አለ።

ጉታ እሁድ ሰበታ ላይ የመጀመሪያ ግጥሚያውን ያደርጋል። ምድቡ ከሃምሳ አንድ ኪሎ እንዲያልፍ አይፈቅድምና ሃምሳ ተኩል ማለት ሰላም ነው። ወርዶ ሲለብስ ፈሀድን አየና ከንፈሩን አጣመመ። ፈሀድ የአንድ ክፍል ጓደኛው ነው፤ አባቱ ገበያው አፍ ላይ ስኳርና ዘይት ይሸጣሉ። ባለፈው ሐሙስ ከምድቡ ጥቂት በልጦ ስለተገኘ ከትናንት ጀምሮ ምራቁን ባዶ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ እየተፋ ያጠራቅማል።

«አቦ፣ ምራቅ ስንት ይመዝናል?» አለው ጉታ።

«ያዝና እየው» አለ ፈሀድ ጠርሙሱን እየዘረጋለት።

እውነቱን ለመናገር ጉታ በዚያ ሰሞን የማይንቀው ሰው አልነበረም። ስለ ድሮ ፍልሚያው ሲያወራ ውሎ ማን እንዳሸነፈ ሲጠየቅ ጫማውን የሚያስረውን አሰልጣኝ ይንቃል። በጎጃም መንገድ ጠዋት ጠዋት እንደ አጋዘን የሚያልፉትን ሯጮች ይንቃል፤ የሚመታቸው ሰው በሌለበት መሮጥ ምን ስፖርት ነው? ከሁሉም በላይ ግን አባቱን፣ ገበሬውን ቦጂያን፣ ይንቃቸዋል። ሲናገሩ ድምፃቸው አይሰማም፣ ሲከራከሩ ቶሎ ይሸነፋሉ፣ ከተሜ ሲያዩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

የማይንቀው አንድ ሰው ቢኖር ኦቦ ዘርሁን ነው። የክለቡን ጓንቶች የገዛው እሱ ነው። ጀርባው ላይ የራሱ የነጋዴው ስም የተጻፈበትን ቲሸርት ልጆቹን ያለበሳቸው እሱ ነው። እሁድ ሰበታ የሚያደርሳቸውንም መኪና እሱ ይከፍላል። ጉታን ባየው ቁጥር «ሻምፒዮን!» ይለዋል፤ ጉታም ያንን ስም ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ አንገቱ ይረዝማል።

ባለፈው ቅዳሜ አባቱ አንድ ኩንታል ጤፍ ይዘው እዚሁ ባስኩላ ፊት ቆመው ነበር። እቤት በቁና ሰፍረው፣ ሞልተው፣ አፉን በገመድ አስረው ያመጡት ነው። ሚዛኑ ግን ኩንታል አልሞላም አለ። አባቱ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ ስሰፍረው እኮ ሙሉ ነበር አሉ። ኦቦ ዘርሁን ሳቀና ልጅህ ተማሪ አይደለም ወይ፣ እሱ ያንብብልህ አላቸው። ጉታ ጠጋ ብሎ አነበበ፤ ዘጠና አምስት ይላል።

«አባ፣ ቁና ሚዛን አይደለም» አለ ጉታ፣ የተሰለፈው ገበሬ ሁሉ እየሰማ። «ፋራ አትሁን። ሰው እየሳቀብን ነው።»

አባትን ገበያ መሀል ፋራ ማለት በሱሉልታ ቀላል ነገር አይደለም። ቦጂያ ግን አልተቆጡም። «እሺ» አሉና ገመዱን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ጉታ ለዚያች እሺም ጭምር ናቃቸው።

አርብ ዕለት ክለቡ በሙሉ ለሕክምና ምርመራና ለመጀመሪያው ምዘና ቡራዩ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ኮስታራ ሴት ዳኛ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ሚዛን አጠገብ ተቀምጣለች። የቡራዩ ልጆች አንድ በአንድ ወጡ፣ ወረዱ፣ ሁሉም በየምድባቸው አለፉ። ጉታ ተራው ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

«ሃምሳ ሦስት» አለች ዳኛዋ።

ጉታ ሳቀ። ማሽኑ ተበላሽቷል አላት። ዳኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ቀጣዩን ጠራች። ቀጣዩ ፈሀድ ነበር፤ እሱም ምራቁን ሁሉ ተፍቶ ከሐሙሱ ሦስት ኪሎ ያህል ከብዶ ተገኘ። ከሱሉልታ የመጣ ልጅ አንድም ሳይቀር እንዲሁ ሆነ። ከቡራዩ ልጆች አንዱ፣ እናንተ ሰፈር ቁርስ ድንጋይ ነው እንዴ የሚበላው ብሎ ሙድ ያዘባቸው፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

አሰልጣኝ ቢንያም ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ማሽኖች አስተማማኝ አለመሆን ንግግር ጀመረ። ዳኛዋ ሃያ ኪሎ የሚል ማኅተም ያለበት ብረት ከጠረጴዛው ሥር አንስታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሃያ አለ። የአሰልጣኙም ንግግር እዚያው አለቀ። ዳኛዋ እሁድ ጠዋት ሰበታ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚመዘኑ፣ ያን ጊዜ ምድቡ ውስጥ የማይገባ ሻንጣውን ይዞ እንደሚመለስ ነገረቻቸው።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ጉታ መስኮቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ያሰላ ነበር። ባስኩላው የእኔን ሃምሳ ሦስት ሃምሳ ተኩል ካለው፣ ኩንታሉን ስንት ይለዋል? ሒሳቡ ከባድ አልነበረም። መልሱን ባለፈው ቅዳሜ በራሱ አፍ አንብቦታል።

«ኮች» አለ ፈሀድ ከኋላ። «ባስኩላው ነው፣ አይደል? አባቴ የሱቁን ሚዛን በየጊዜው ያስፈትሻል። የሰው ሐቅ ነው ይላል።»

አሰልጣኙ ወደ ሹፌሩ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ጓንቱን ማን ገዛ? እሁድ መኪናውን ማን ይከፍላል? እሱ ቢተወን በነጋታው ክለብ የለም። እንዲያልባችሁ ላስቲክ ለብሳችሁ ሩጡ፣ እራት እንዳትበሉ፣ እሁድ ጠዋት ኪሏችሁን ይዛችሁ ኑ። የቀረው አያገባችሁም።»

ጉታ አሰልጣኙን ቀና ብሎ አየው። እስከ ዛሬ የናቀው ለቀልድ ያህል እንደነበር ያኔ ገባው። ከዚያ ኦቦ ዘርሁን ትዝ አለው፤ ያ ሳቅ፣ ያ «ልጅህ ያንብብልህ»። ሰውየው የሚያጎድል ሚዛኑን ከመልመዱ ብዛት ልጆቹን ሲያወጣበት እንኳ አልፈራም። ከኦቦ ዘርሁን አልፎ ደግሞ አንድ የሚናቅ ሰው ቀረ፤ እሱ መስኮቱ መስተዋት ላይ ይታየው ነበር። ጉታ ፊቱን አዞረ።

እቤት ሲደርስ አባቱ ደጅ ላይ ተንበርክከው ጤፍ እየሰፈሩ አገኛቸው። ቁናውን ይሞሉና በእጃቸው ጀርባ አስተካክለው፣ የተረፈውን ወደ ክምሩ መልሰው፣ ከዚያ ጆንያው ውስጥ ይገለብጡታል። ለራሳቸው እንዲያደላ አንዲት ፍሬ አይጨምሩም። ጉታ ይህን ሥራ ዕድሜውን ሙሉ አይቶታል፤ ዛሬ ግን ቆሞ አየው።

«ለማን ነው?» አለ።

«ለነገ ገበያ። የቦክስ ጫማ ትል አልነበር? ለእሁድ እንዲደርስልህ ብዬ ነው።»

ጉታ «ነገ አብሬህ እመጣለሁ» አለ።

«ተወው ልጄ» አሉ ቦጂያ ቁናውን እየሞሉ። «አንተ ልምምድህን ሥራ። ደግሞ ታፍርብኛለህ።»

ነገሩን የተናገሩት ለመውቀስ አልነበረም፤ ዝናብ ሊጥል ነው እንደሚባለው ነበር ያሉት። ጉታም ቢወቅሱት ይሻለው ነበር።

ፈሀድ ላስቲክ ለብሶ ሊጠራው መጣ። እስከ እሁድ ሁለት ኪሎ መጣል ይቻላል፣ ሌሎቹም እየሮጡ ነው አለው። ጉታ ደጁ ላይ ቆሞ ብዙ አሰበ። ላስቲኩን ለብሶ ቢሮጥ፣ ባይበላ፣ ባይጠጣ፣ እሁድ ሰበታ ሪንግ ውስጥ ይገባል። አምስት ወር ሙሉ የተደበደበው ለዚያች ቀን ነው። ዝም ካለ ያገኛታል።

«አልሮጥም» አለ በመጨረሻ። «ኪሎዬ ያስፈልገኛል።»

ፈሀድ አፉን ከፍቶ አየው።

በማግሥቱ ጠዋት ጉታ እናቱ ያቀረበችለትን ጨጨብሳ ጠርጎ በላ፤ ደገመና ውኃ ጠጣበት። ግጥሚያ እያለህ እንደዚህ ይበላል እንዴ ብላ ተገረመች። ከዚያ ጆንያውን ከአባቱ ጋር አህያዋ ላይ ጫነ። መንገድ ላይ አባቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰረቅ አድርገው አዩት እንጂ ምንም አልጠየቁትም።

ኦቦ ዘርሁን መጋዘን ፊት ሰልፉ ረዝሟል። ገበሬዎቹ በኦሮምኛ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ባስኩላው ጋ ሲደርሱ ግን ሁሉም ዝም ይላሉ። ባርኔጣ ይወልቃል፣ ጆንያ ይወጣል፣ ኦቦ ዘርሁን አንድ ቁጥር ይጠራል፣ ሰውየው እሺ ይላል። በሬ ከአራጁ ይውላል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ጉታ እያንዳንዷን እሺ ቆሞ ሰማ።

ተራቸው ሲደርስ ኦቦ ዘርሁን የልጁን ቲሸርት አይቶ ፊቱ በራ።

«ሻምፒዮን! ነገ እንዳታሳፍረኝ። በል ጆንያውን አውጣው።»

ጉታ ከአባቱ ጋር ጆንያውን መሬት ላይ አሳረፈው። ጫማውን ፈታ። ቲሸርቱን አወለቀና የነጋዴውን ስም ወደ ውስጥ አድርጎ አጣጥፎ ጆንያው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በባዶ እግሩ ባስኩላው ላይ ወጣ።

«ምን ትሠራለህ?» አለ ኦቦ ዘርሁን እየሳቀ። «ዛሬ እኮ ሐሙስ አይደለም።»

«ትናንት ቡራዩ ዳኛ ፊት ተመዝኜ ነበር» አለ ጉታ። ድምፁን አልጨመረም፤ ሰልፉ ዝም ስላለ ይሰማል። «ሃምሳ ሦስት ኪሎ ነኝ። ዛሬ ጠዋትም ጥሩ አድርጌ በልቻለሁ። ኦቦ ዘርሁን፣ እስቲ አንብቡልን።»

የነጋዴው ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከሰልፉ ኋላ፣ ላስቲክ እንደለበሰ ፈሀድ በገበሬዎቹ መሀል እየተጋፋ የጫማውን ክር ሲፈታ ይታያል። ቦጂያ ወደ ባስኩላው ጠጋ አሉ፤ ባርኔጣቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን አንስተው ነበር፣ መልሰው አወረዱት።

ኦቦ ዘርሁን ዘንጉን ይዞ ቆሟል፣ ብረቷን አይገፋም። ብርዱ የጉታን እግር ይቆርጠዋል። ጉታ ግን ቁጥሩ እስኪነበብ ድረስ ላይወርድ ወስኗል።