የሐጂ ቀመር ጆሮ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያለኸውም ቅረብ፣ እዚህ ቦታ አለ። ወሬው ስለ ጆሮ ነውና ሳይሰማ የሚቀር ሰው እንዳይኖር።

ሮቤ ላይ፣ ከመስጊዱ አጥር ጥግ ካለው ጥድ ሥር፣ ሁለት ጎረቤታሞች ይጯጯኻሉ። የጃለታ የጋሪ ፈረስ ገመዱን በጥሶ የረጋሳን የስንዴ ክምር ሲገምጥ አድሯል። ሽማግሌው ሐጂ ቀመር ከዘራቸውን ተደግፈው መሀል ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የልጃቸው ልጅ ዙሀይራ አለች፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ።

«ፈረስህ እንዳንተው ሆዳም ነው!» አለ ረጋሳ። «ሁለታችሁንም አንድ ጋጣ ማሰር ነበር!»

ሐጂ ወደ ዙሀይራ ዘንበል አሉ። «ማል ጄዴ? ምን አለ?»

ዙሀይራ እጆቿን አፏ ዙሪያ ሰብስባ ጆሯቸው ሥር ጮኸች። «ፈረሱም እንደ ባለቤቱ ቤተኛዬ ነው፣ አለ!»

ረጋሳ «ኧረ እንዲህ አላልኩም!» ሊል አፉን ከፈተ። ሐጂ ግን እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ጀምረዋል። «አላህ ይስጥህ ልጄ! እንዲህ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል!» በምርቃት መሀል ማን ይሳደባል? ረጋሳ አፉን ገጠመ። ጃለታ ሳቁ አመለጠው። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጃለታ በዚያው ፈረስ የረጋሳን ስንዴ ሊያመላልስለት ተስማማ፤ ተጨባብጠው ተለያዩ።

በሰፈሩ የሐጂ ቀመር ሽምግልና ከመቼውም በላይ ሰምሯል ተባለ። ሚስጥሩን ከሐጂ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

የመስሚያ መሣሪያ ነበራቸው። ልጃቸው ወዚር ነው ከአዲስ አበባ ያመጣላቸው። ጥቂት ወራት በደንብ ሠራ፤ ከዚያ ያፏጭ ጀመር። አንድ ቀን በሶላት መሀል «ፊው!» ሲል ሰው ሁሉ ያፏጨውን ባለጌ ፍለጋ ዞረ። ባትሪው ተቀየረ፤ ምንም። በመጨረሻ «ተበላሽቷል» ተብሎ ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ዙሀይራም የሐጂ ጆሮ ሆነች።

ጆሮ መሆን ጥቅም አለው። ባለፈው ወር የሒሳብ አስተማሪዋ ቲቸር ፍቅረየሱስ ሐጂን ትምህርት ቤት አስጠሯቸው። ቲቸር ለአገሩ አዲስ ናቸው፤ ኦሮምኛ ገና አልለመዱም፤ ሐጂ ደግሞ አማርኛ ያውቃሉ፣ ብቻ አይሰሙም።

«ከመቶ ሠላሳ ሁለት ነው ያመጣችው። እንዲህ ከቀጠለች ክፍል ትደግማለች» አሉ ቲቸር።

ዙሀይራ በኦሮምኛ ጮኸች። «ከክፍሉ የሚደርስባት የለም፣ ይላሉ!»

ሐጂ ተነሥተው ቲቸርን ትከሻቸውን ሳሟቸው። በማግስቱም የደሎ መና ማር በጣሳ ላኩላቸው። ቲቸር ፍቅረየሱስ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ቻይ አያት አይተው አያውቁም። «ጥር ሃያ፣ ሰኞ፣ እንደገና እንነጋገር» ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ሰኞው ሳምንት ሲቀረው ነበር ሐጂን ጆሯቸውን ያሳከካቸው። ዙሀይራ ጎባ አንድ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ሲስተር ሐመልማል በመብራት ወደ ውስጥ አየችና በግርምት አፏጨች።

«ሐጂ፣ ጆሮዎን በምንድን ነው የሚያጸዱት?»

«በምን ያጸዳሉ ትላለች!» ጮኸች ዙሀይራ።

ሐጂ ከኪሳቸው ክብሪት አውጥተው አንዷን እንጨት በኩራት አሳዩ።

«በሉ ይቺን ለምድጃ ይተዋት!» አለች ሲስተር። «ኩኩን እየገፉ ወደ ውስጥ ጠቅጥቀውታል። መሣሪያው ምንም አልሆነም፤ ያፏጨው ጆሮው ስለተደፈነ ነው።» ትንሽ ጠርሙስ ለዙሀይራ ሰጠቻት። «ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጠብታ። ሲለሰልስ ቅዳሜ አምጫቸው፣ አጥበዋለሁ። መሣሪያውንም ይዛችሁ ኑ። ሰኞ እንደ ወጣት ይሰማሉ።»

ሰኞ! የቲቸር ፍቅረየሱስ ቀጠሮ ቀን!

«ማል ጄቴ? ምን አለች?» አሉ ሐጂ።

«መድኃኒት ሰጠች!» አለች ዙሀይራ። ሌላውን ዋጠችው።

ክሊኒኩ በር ላይ ለጓደኛዋ ለሶሲ ደውላ ሁሉን ነገረቻት። «ተበላሸ በቃ!» አለች ሶሲ። «ስሚ፣ ጠርሙሱን ድፊውና ውኃ ሙይበት። ማን ያውቃል?»

እውነትም ማንም አያውቅም። ሚኒባሱ ውስጥ ጠርሙሱን በጣቶቿ እያገላበጠች ተቀመጠች። ከፊት ያሉት ሰዎች በአንድ ነገር ሳቁ። ሐጂም አብረው ሳቁ።

«በምን ሳቁ?» አሏት ወዲያው፣ ቀስ ብለው።

«አልሰማሁም አባባ!»

«እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ሲስቁ እስቃለሁ፤ በምን እንደሆነ አላውቅም።» ውጭውን፣ የታጨደውን የስንዴ ማሳ አዩ። «እሱስ ይሁን። ግን አንቺ ስትጮሂብኝ የሌላ ሰው ልጅ ትመስይኛለሽ። ሳትጮሂ እንዴት እንደምታወሪ ረሳሁት እኮ።»

ዙሀይራ ጠርሙሱን አጥብቃ ያዘች። እቤት ሲደርሱ ትራስ አመቻቸች። «አባባ፣ በጎንዎ ጋደም ይበሉ!» አለችና ጠብታውን ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት።

ቅዳሜ ሲስተር ሐመልማል ለብ ባለ ውኃ ስታጥባቸው ባቄላ የሚያክል ኩክ ወጣ። ሐጂ ለሰፈር ለማሳየት በወረቀት ይጠቅለልልኝ ብለው በግድ ተከለከሉ። ሲስተር የመሣሪያውን አፍ በብሩሽ ጠርጋ ጆሯቸው ውስጥ አስገባችው።

«ያ ረቢ! ይሄ ሁሉ ጩኸት የት ነበር?» አሉ ሐጂ። በቧንቧው ተገረሙ፣ በባጃጁ ተገረሙ። «ሮቤ! ሮቤ!» የሚለውን የሚኒባስ ረዳት «ልጄ፣ ሮቤ እኮ ደንቆሮ አይደለችም» አሉት።

ሰፈር ሲደርሱ ረጋሳ ከመንገዱ ማዶ ጃለታን ይወርድበታል። «አንተ ዶማ! ጋሪህን ከበሬ ላይ አንሣ!»

ሐጂ ቀጥ ብለው ቆሙ። «የረጋሳ አፍ መቼ ነው እንዲህ የተበላሸው? ያኔ እኮ ከአፉ ማር ነበር የሚወጣው!»

ዙሀይራ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች። ክር የሌለው ጫማ ነበር። ሐጂ ጫማውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ጢማቸውን ዳበሱ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡ። ቲቸር ፍቅረየሱስ ከሩቅ፣ ከቢሮው በር ላይ ሆነው እጃቸውን አነሡ። ዙሀይራ የአያቷን ጋቢ ጫፍ ያዘች።

«አባባ፣ ትንሽ ይቁሙ። ቲቸር ሳይነግሩዎት እኔ ልንገርዎት። ያን ጊዜ ያሉት—» ድምፅዋ ከልማዷ የተነሣ ከፍ አለ። አላፊው ሁሉ ዞረ።

ሐጂ ከዘራቸውን ተክለው ጆሯቸውን ወደ እሷ አቀረቡ። «ቀስ ብለሽ ልጄ» አሉ። «አሁን እኮ እሰማለሁ።»

እሷም ቀስ ብላ ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሁለቱ ብቻ ነው፣ ልጆቼ። እናንተ ያቺን ቀስ ያለች ድምፅ አደራ አስታውሱልኝ። ክብሪቷንም።