ከአውትቦክስ ያልወጣው ስንብት

ምሕረቱ ጀፕስታውን ካለው ቢሮው መስኮት ወድቆ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ሚስቱ አለምወርቅ የፀገነትን በር አንኳኳች። አላለቀሰችም። ተቀመጪ ስትባል ተቀመጠች፤ ውሃ ሲሰጣት ይዛው ቆየች እንጂ አልጠጣችውም።

ፀገነት አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ ወንጀል መርማሪ ነበረች። ጆሃንስበርግ ከመጣች ወዲህ ለጠበቆች ትሠራለች። በሥራ ዘመኗ የሰማችው ውሸት ብዛቱ ሳይሆን ስንፍናው ነበር የሚያስመርራት። ለመዋሸት እንኳ የማይደክም ሰው ትንቃለች።

«ፖሊስ ራሱን ገደለ ብሎ መዝገቡን ዘጋው» አለች አለምወርቅ። «ሰበካ ጉባኤው ደግሞ ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም አለ። ቀብሩ ነገ ነው። ባሌን ያለ ጸሎት አፈር ልመልስበት ነው?»

«የለም ያሉት ቄሱ ናቸው?»

«ቄሱማ አዝነው ዝም ብለዋል። የሚጮኸው አየነው የሚባለው የጉባኤው ጸሐፊ ነው። ምሕረቱ ዘንድ የመጋዘን ኃላፊ ነው። ቀኖናውን ከቄሱ በላይ አውቃለሁ ባይ ነው።»

«እንዲህ ያለ ሰው ከየደብሩ አይጠፋም። ፖሊስ ምን አግኝቶ ነው ራሱን ገደለ ያለው?»

«ኮምፒውተሩ ላይ የስንብት ኢሜይል አለ። ‹ኑሮ ደከመኝ፤ ሁላችሁም ይቅር በሉኝ› ይላል። ለነጋዴው ሁሉ፣ ለእኔም ጭምር የተጻፈ ነው።»

«ደረሰሽ?»

አለምወርቅ ቀና አለች። «አልደረሰኝም። ለማንም አልደረሰም። የእሱ ኮምፒውተር ኢሜይል አልልክም ብሏል አሉ።»

«ለምን እንዳልላከ የጠየቀ አለ?»

«ሰው ሞቶ ስለ ኢሜይል ማን ይጠይቃል?»

«እኔ» አለች ፀገነት፤ ቦርሳዋንም አነሳች።

ቢሮው የብርድ ልብስ ጅምላ መሸጫ ካለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ባኪ የሚሏቸው ትንንሽ የጭነት መኪኖች እየተጫኑ፣ የታክሲ ጥሩምባ እየጮኸ መንገዱ ተጨናንቋል። ላይ ደግሞ ኢዮኤል የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ በሟቹ ወንበር ላይ ተንፈላሶ ይተክዛል። በልጅነቱ ነው እዚህ አገር የመጣው፤ አማርኛውን እንደ ጠባብ ጫማ ነው የሚራመድበት።

«ኤይሽ፣ ሲስተር፣ ችግሩ እኛ ጋ አይደለም» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ሰርቨሩን የሚያከራየን ካምፓኒ ጋ ነው።»

«በስልክህ የቢሮው ኢሜይል ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«መጋዘን ባለው ኮምፒውተርስ?»

«እሱም ይሠራል፣ ባት...»

«እንግዲያ ሰርቨሩ የጠላው ይህን ኮምፒውተር ብቻ ነው።»

ኢዮኤል ለመሳቅ ሞከረ። «ፓስወርዱ ልክ ነው። ኬብሉን ቀየርኩ፤ ሴቲንጉን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሪስታርት አደረግኩ። ሁሌ አንድ ነገር ነው የሚለኝ፦ የሰርቨሩን የምስክር ወረቀት አላምንም ይላል።»

«የምን የምስክር ወረቀት?»

«ሰርቨሩ እኔ እገሌ ነኝ ብሎ የሚያሳየው ነው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ተብሎ ይሰጠዋል። እንደኛ የስደተኛ ወረቀት በይው።»

ፀገነት በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ የስክሪኑን የታችኛውን ጥግ አየች፤ ቆየችበትም። ከዚያ አውትቦክሱን አስከፈተችው። የስንብቱ መልእክት ሳይላክ እዚያው ተቀምጧል። ሁለቱንም በስልኳ ፎቶ አነሳች። ኢዮኤል ከዚያ ጥግ በጣት ርቀት ላይ ሦስት ቀን ተቀምጧል፤ ያየውም የሚያውቀውን ብቻ ነው።

«ማን ነው ለጥገናው የጠራህ?»

«ብራዘር አየነው። በማለዳ ደወለልኝ፤ ‹የጋሼ ምሕረቱ ኮምፒውተር ኢሜይል አይልክም፣ ቶሎ ድረስ› አለኝ። ስመጣ በሩ ክፍት ነው። መልእክቱን አየሁ፤ በመስኮቱ ወደ ታች ሳይ...» እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። ፀገነት ከገባች ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ አልናቀችውም።

«ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ ማለት ነው።»

«እኔ ነኝ። እኔ ሳልጮህ ማንም አላወቀም።»

ጎንበስ ብላ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች፤ ቀጥሎ የመብራቱን።

«ምን አደረግሽ?»

«መብራቱን መልሼ እሰካለሁ፤ አንተ አብራው።»

ማሽኑ ሲነሳ በጥቁር ስክሪን ላይ ቀን እንዲሞላለት ጠየቀ። «አሮጌ ነው፤ የውስጥ ባትሪው ሞቷል» አለ ኢዮኤል። «መብራት በሄደ ቁጥር እንዲህ ይጠይቃል፤ በራሱ ማስተካከልም ትቷል።» የእጅ ሰዓቱን አየና ሞላው።

«ያን ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«መንደሩ ሁሉ። ትንሽ ቆይቶ መጣ።»

ፀገነት የሞላውን አየች፤ ከዚያ የመብራቱን ገመድ እንደገና ነቀለች። ኢዮኤል እንደ ዕብድ አያት።

ከሰዓት በኋላ ሙደሲር ሱቁ ካለበት ከኮዝሞ ሲቲ ሰፈር መጣ። የምሕረቱ ደንበኛም ወዳጅም ነበር፤ ሁለቱ እቃ በጋራ ያስመጡ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሱሩር ክረምቱ ሳይገባ ሱቁ ውስጥ በዘራፊዎች ተተኩሶበት ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ሙደሲር ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም።

«ወላሂ እህቴ፣ እኔ የማውቀው የለም» አለ።

«ገና ምንም አልጠየቅኩህም። ይህን ኮምፒውተር እስቲ አብራልኝ።»

«ዛሬ ስንት ነው?» እያለ ስልኩን አወጣና እያየ ሞላ። ፀገነት አይታ የመብራቱን ገመድ ነቀለች።

«በሞተበት ማታ ደውሎልህ ነበር። ሚስቱ ስትሰማ ነው የደወለው።»

ሙደሲር ወደ በሩ አየ። «ደውሏል። ‹ሱሩርን ለሌቦቹ የጠቆመውን ሰው አውቄዋለሁ፤ ነገ ና፣ በአካል ነው የምነግርህ፤ ከእኛው ነው› አለኝ።»

«ለምን ለፖሊስ አልተናገርክም?»

«ለየትኛው ፖሊስ? ከእኛው ነው እያለኝ! የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ? ልጆች አሉኝ እኮ።»

ፀገነት የፈሪን ዝምታ ታውቀዋለች። ከሁሉ ያነሰ የምትንቀው ዝምታ እሱ ነው።

አየነው የመጣው በመጨረሻ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ በክራቫቱ ላይ የእንጨት መስቀል አንጠልጥሏል።

«ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ሬሳ ስትመረምር!» አለ እየተቀመጠ። «እግዚአብሔር ያበርታሽ፣ እህቴ። ነገር ግን ሕግ ሕግ ነው። ነፍሱን በእጁ ያጠፋ ፍትሐት የለውም። እኔ ስለማልወደው አይደለም፤ እንጀራዬ ነበር።»

«ቀኖናውን ቄሱ ይወስኑ። አንተ ያን ማታ የት ነበርክ?»

«ዕለቱ ኤዎስጣቴዎስ ነበር። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ወደ ቤቴ ወጣሁ።»

«የቢሮውን ኢሜይል በምን ነው የምታየው?»

«በስልኬ። ያለ እንከን ይሠራል።»

«በዚህ ኮምፒውተርስ?»

«በጭራሽ! እሱ የጋሼ ምሕረቱ ነው። ነክቼው አላውቅም።»

«እስቲ አብራልኝ፤ እኔን እምቢ አለኝ።»

አየነው የሴትን አለማወቅ በሚታገሥ ፈገግታ ወንበሩን ሳበ። ጥቁሩ ስክሪን ቀን ሲጠይቀው ሰዓቱንም ስልኩንም አላየም። «ዛሬ ማርያም ናት» አለ ለራሱ፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳያቆም ቁጥሮቹን መታቸው።

ፀገነት አየች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ሊመሽ ሲል አለምወርቅን አስጠራች፤ ሦስቱንም ወንዶች በዚያች ክፍል አስቀመጠች። ደረጃው ላይ አንድ ሳጅን እንዲቆም ለምናዋለች፤ ሳጅኑም ሥራውን የሚያበዛበት ሰው ሲያይ እንደሚያደርገው ሁሉ እያዛጋ መጥቷል።

«ሁላችሁም ስንብቱን አነበባችሁት» ብላ ጀመረች። «ለምን እንዳልሄደ ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁም። ኢዮኤል፣ የምስክር ወረቀቱ የሚጀምርበት ቀን አለው ብለኸኛል። ከዚያ ቀን በፊት ቢታይስ?»

«አይሠራም። ግን ማን ከመጀመሪያው ቀን በፊት...» ኢዮኤል ከወንበሩ ተነሳ። «ኦህ ኖ። ዴቱ!»

«አዎ፣ ቀኑ። ሦስት ቀን አፍንጫህ ሥር ነበር።» የስልኳን ፎቶ አሳየቻቸው። «ይህ ኮምፒውተር ከዓመታት በፊት ያለ ይመስለዋል። ስንብቱ የተጻፈበት ቀን ብሎ የያዘው በፈረንጅ ፌብሩዋሪ ዐሥራ ስምንት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንትን ነው። በዚያ ዘመን የዛሬው ምስክር ወረቀት ገና አልተሰጠም። ስለዚህ ሰርቨሩን አላምንህም አለው።»

«ባትሪው ነዋ!» አለ አየነው። «ባትሪው የሞተ ማሽን ያሻውን ቀን ይጽፋል።»

«ኢዮኤል፣ ያሻውን ይጽፋል?»

«ኖ፣ ሁሌ ወደ ተሠራበት ዓመት መጀመሪያ ነው የሚመለሰው። ፈርስት ጃንዋሪ።»

«ይህንን ግን ሰው ነው የሞላው። ማሽኑ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ሲለው ሰውየው ዐሥራ ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት አለው። ማሽኑ ሁለተኛው ወር የፈረንጁ ፌብሩዋሪ መሰለው። በእኛ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር የቱ ነው?»

«ጥቅምት» አለች አለምወርቅ በቀስታ። «ጥቅምት ዐሥራ ስምንት፣ ዘንድሮ፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት። የሞተበት ቀን።»

ሙደሲር ፎቶውን ጠጋ ብሎ አየው።

«ምሕረቱ ቢሆንስ የሞላው?» አለ ሙደሲር።

«አይሆንም» አለች አለምወርቅ። «መብራት በጠፋ ቁጥር ‹ይህ ማሽን እንደ ሕፃን ዛሬ ምን ቀን ነው ይለኛል› እያለ ይስቅ ነበር። አንዴ ተሳስቶ ሞልቶት ከቻይና የሚጠብቀው መልስ ቀረበት። ከዚያ ወዲህ የፈረንጁን ቀን ስልኩ ላይ ሳያይ አይሞላም።»

«እንግዲህ» አለች ፀገነት፣ «መብራት ሄዶ ሲመጣ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ዛሬ ሦስታችሁንም ይህን ማሽን አስነሳኋችሁ። ኢዮኤል የእጅ ሰዓቱን አየ፤ የኛን ወራት ስም እንኳ አያውቅም። ሙደሲር ስልኩን አየ። ሁለቱም የዛሬውን የፈረንጅ ቀን ሞሉ። አንዱ ግን ምንም ሳያይ ሃያ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ብሎ ሞላ። ማርያም ናት እያለ።»

አየነው መስቀሉን ጨበጠ። «በሃይማኖቴ ቀን ስለቆጠርኩ ነው ነፍሰ ገዳይ የምትይኝ? ሺህ ሰው እንዲሁ ይቆጥራል!»

«ልክ ነህ። ሺህ ሰው ይቆጥራል። ነገር ግን ከሺሁ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው በማለዳ ኢዮኤልን የጠራው። ‹የጋሼ ምሕረቱ ኮምፒውተር ኢሜይል አይልክም› ብለህ። ሬሳው ገና አልተገኘም። ያን ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም ትላለህ። የአንተ ስልክ ያለ እንከን ይሠራል። ታዲያ የእሱ ማሽን እንደማይልክ በምን አወቅህ?»

አየነው መስቀሉን ለቀቀ።

«እኔ ልንገርህ። ሌሊቱን ሙሉ ስልክህን ይዘህ ስንብቱ እስኪደርስህ ጠበቅህ። ስሙ ከተቀባዮቹ መካከል ያለ ሰው ነህና። ሳይደርስህ ሲነጋ ጠጋኝ ጠራህ! ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ፤ ማስረጃው እንዲጠገንለት ባለሙያ የጠራ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ሙደሲር ቆሞ ነበር። «ሱሩርን የጠቆምከው አንተ ነህ?»

«እነሱ እቃውን ብቻ ነው የምንወስደው ብለውኝ ነበር...» አለ አየነው፤ ያለውንም የሰማው ከተናገረው በኋላ ነበር። ወዲያው ወደ አለምወርቅ ዞረ። «ልገድለው አልመጣሁም! ደርሼብሃለሁ ሲለኝ ለሙደሲር አትንገርብኝ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ። ተያያዝን፤ መብራቱ ጠፋ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር...»

ሙደሲር አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ተቀመጥ» አለችው ፀገነት። «በዚህ ሰው እጅህን አታርክስ።» ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር ወደ አየነው ዞረች። «መብራቱ እስኪመጣ ጠብቀህ በስሙ ስንብት ጻፍክለት። መግደሉ አልበቃህም፤ ጸሎትም ከለከልከው። ቀኖና እየጠቀስክ።»

ፀገነት ስትጠራው ሳጅኑ ማዛጋቱን ትቶ ገባ። የአየነውን ስልክ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፤ ሰውየውንም ይዞ ወደ ደረጃው ወጣ። ኮምፒውተሩን ተመልሶ እንደሚወስደው ተናገረ።

አለምወርቅ ለቄሱ ደወለች፤ ሁሉንም በአጭሩ ነገረቻቸው። «ልጄ፣ ፍትሐቱ ጠዋት ነው» አሉ። «ሰው ጥሪ።»

«ኢዮኤል» አለች ስልኩን ዘግታ፣ «ቀኑ ቢስተካከል ያ መልእክት ይሄዳል?»

«ወዲያው ይሄዳል፣ እትዬ።»

«እንግዲያ እንዳትነካው። በራስህ ስልክ ጻፍልኝ፤ ለእነዚያው ሰዎች፣ አንድም ሳታስቀር። ‹ምሕረቱ ሰው ገድሎት ሞቷል። ነገ ጠዋት በፍትሐት ይቀበራል። ኑ።› ሌላ ቃል አትጨምር።»

ኢዮኤል ጽፎ ላከ። የሙደሲር ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ ከደረጃው በታች፣ ከሳጅኑ ኪስ ውስጥ፣ ሌላ ስልክ ጮኸ።

«ያለ እንከን ይሠራል ብሎኝ ነበር» አለች ፀገነት።

ከዚያ የአለምወርቅ ስልክ በእጇ ላይ ተርገበገበ። ራሷ ያስጻፈችውን ቃል እንደማታውቀው አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ደረሰሽ?» አለቻት ፀገነት።

«ደረሰኝ» አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።