ባዘቶ የሞቀችበት ሌሊት

«ብርዱ ነው አይደል?» አለች ልዕልት በስልኩ ውስጥ። «ንገሪኝ ኢፍቱ። ብርዱ ነው የገደላት?»

ኢፍቱ የእናቷን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ግቢው መሐል ቆማለች። ኔትወርክ ደህና የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው፤ ከቧንቧው አጠገብ። ከፊት ለፊቷ የጥንቸሎቹ ቤት አለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«እህ» አለች።

ለልዕልት ያቺው በቃቻት፤ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ ነኛ! ‹አትሸፍኛቸው› ያልኩሽ እኔ አይደለሁ? አንቺማ ፈርተሽ ነበር። ሳቅሁብሽ እኮ! ‹አታካብጂ› አልኩሽ እኮ!»

«በቃ፣ ተይ አታልቅሺ።»

«ወያላስ? ወያላ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አደራሽን፣ እሱ እንኳ ይትረፍልን። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኢፍቱ ወዲያው ወደ ቤት አልገባችም። መልሳ ልትደውል ቁጥሩን ፈለገችው፣ አገኘችው፣ ተወችው።

ጥንቸሎቹ የሁለቱም ናቸው። የልዕልት አጎት ከደብረ ዘይት በካርቶን ያመጣቸው ጊዜ ልጆቹ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ግቢያቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ነጯን ባዘቶ አሏት። ግራጫውን ወያላ አሉት፤ በር ሲከፈት ቀድሞ የሚንጠለጠለው እሱ ስለሆነ። የኢፍቱ አባት ያደታ ቃሊቲ ውስጥ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነው። ከመጋዘኑ የተጣለ እንጨት እየተሸከመ አምጥቶ ቤት ሠራላቸው፤ ፊቱ ሽቦ ወንፊት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ አራት እግር።

በሌላው በኩል ያሉት ጎረቤታቸው አቶ ወልደሰንበት በአጥራቸው ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩና ሳቁ።

«ያደታ፣ ይቺን ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው? አትታለብ፣ አትበላ፣ ሌባ ቢመጣ አትጮህ!»

«ልጆቹን ታስቃለች» አለ ያደታ። ሚስማሩን መምታቱን ቀጠለ።

በኋላ ለነልዕልት ገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸው። አራተኛ ፎቅ ነው፤ እንስሳ ይዞ መግባት አይቻልም። ልዕልት በሄደችበት ቀን ጣቶቿን በወንፊቱ አሾልካ የባዘቶን አፍንጫ ስትነካ ቆየች። «እንግዲህ እናታቸው አንቺ ነሽ» አለቻት ኢፍቱን። «እኔ እንጀራ እናት ሆንኩ።» ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። በፌስታል የጎመንና የካሮት ቅጠል ይዛ ከታክሲ ትወርዳለች።

ታኅሣሥ ገባ። የአቃቂ ብርድ ሲጨልም ከወንዙ በኩል ይነሣል። ድሮ የነያደታ የጤፍ ማሳ የነበረውን ሜዳ አቋርጦ ይመጣል፤ የሚያግደው ነገር የለም። ባለፈው ቅዳሜ ኢፍቱ «እንሸፍናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ልዕልት ሳቀች። «ፀጉር ለብሰዋል እኮ! አንቺ ካፖርት ላይ ካፖርት ትደርቢያለሽ? አታካብጂ ባክሽ። ደረቅ ገለባ ጨምሪላቸው፣ በቃ።»

ኢፍቱም ሳቀች። ገለባ ጨመረችላቸው።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ባዘቶ ሌላ ሆና ጠበቀቻት። የሆዷና የደረቷ ፀጉር ተነጭቷል፤ ቆዳዋ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ቤቱ ውስጥ ነጭ ፀጉር ተበትኗል። ገለባ በአፏ ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ አትውጠውም፣ አትተፋውም። ጎመን ቢሰጧት ዘወር አለች።

«እማዬ፣ ባዘቶን አመማት። ፀጉሯ እያለቀ ነው።»

እናቷ አለሚቱ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ነበር። ቀና ብላ አላየችም። «እንስሳ የራሷን ታውቃለች። ተያት፣ አትነካኪያት።»

ኢፍቱ መተው አልቻለችም። ብርዱ እየመጣ ነው፣ ባዘቶ ራቁቷን ናት። እሷ ራሷ ሁለት ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች።

አባቷ ከመጋዘን ያመጣው ወፍራም ላስቲክ ግድግዳው ሥር ተጠቅልሎ ነበር። ጎትታ አወጣችው። በጥንቸሎቹ ቤት ላይ ከጣራው እስከ መሬቱ አለበሰችውና ዙሪያውን በገመድ አሰረችው። ፊት ለፊቱን ከመዝጋቷ በፊት ገለባ ልትጨምር በሩን ከፈተች። ወያላ በክንዷ ሥር ሾልኮ ወጣ።

ግቢውን ሦስቴ ዞረች። ከተከመረው ድንጋይ ሥር ገባባት። በእንጨት ብትነካካው ወደ ውስጥ ሸሸ፤ በጎመን ብትጠራው አልሰማም። መሸባት።

«ቆይ፣ እዚያው ትሞታለህ!» አለችው። እንባዋ መጣ።

ባዘቶን ግን አሞቃታለሁ አለች። አለሚቱ ማታ ማታ እራት ከተሠራ በኋላ የከሰል ምድጃውን ከነፍሙ አውጥታ ደጅ ታስቀምጣለች። ከሰል ከሰው ጋር አያድርም፤ በዚህ ቤት ይሄ ክርክር የለውም። ኢፍቱ ባዶ የወተት ጣሳ ፈልጋ አመጣች። ፍሙን በመቆስቆሻው እየገፋች ሞላችው። ጣሳውን ከጥንቸሏ ቤት ሥር፣ በአራቱ እግሮች መሐል አኖረችው። የላስቲኩን ጫፍ ወደ መሬት መለሰችና ነፋስ እንዳይገባ ድንጋይ ጫነችበት።

እናቷ የምትከለክለው ቤት ውስጥ ነው፤ ይሄ ደጅ ነው። ኢፍቱ እንደዚያ አሰበች።

እጇን በላስቲኩ ሥር አስገባች። ይሞቃል። ደስ አላት። የተኛችው ለወያላ እየፈራች ነው።

ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቶ ነበር። ወያላ የድንጋዩ ክምር አናት ላይ ተቀምጦ የጎመን ግንድ ይቆረጥማል። ጀርባው ላይ ውርጭ አለ። ሮጣ አነሣችው። ጆሮው ቀዝቅዟል፤ ጣቷን ወደ ፀጉሩ ስትሰድ ግን ውስጡ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። ሳቀች። አቀፈችውና ለባዘቶ ልታሳያት ይዛው ሄደች።

ገመዱን ፈታች። የላስቲኩ ውስጥ አልቦታል፤ ሲገለጥ ውሃ እጇ ላይ ተንጠባጠበ። ባዘቶ በጎኗ ተኝታለች። ቁስል የላትም። ዐይኗ ክፍት ነው።

ጥግ ላይ ገለባና ነጭ ፀጉር ተከምሯል። ባዘቶ የነጨችው ፀጉር ነው፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ አበጃጅታዋለች። ኢፍቱ እጇን አስገባች። እንደ ጣት ያሉ፣ ዐይናቸው ያልተከፈተ፣ ፀጉር ያልበቀለባቸው ነገሮች ነኳት። አንዱም አልተንቀሳቀሰም።

ባዘቶን አላመማትም ነበር። አልጋ እያነጠፈች ነበር።

ያደታ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ልጁ ወያላን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛት። ላስቲኩን አየ። ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አየ። ጣሳው ውስጥ አመድ ብቻ ነው የቀረው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ዶማ አመጣና ከጌሾው ሥር ቆፈረ።

«እነዚህም ከእሷ ጋር ይሁኑ?» አለ።

ኢፍቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አፈሩን መልሶ በእጁ ደለደለው።

«እናትሽ ለምን ከሰሉን እንደምታወጣ ታውቂያለሽ።»

«ደጅ ነው ብዬ ነው አባዬ።»

ያደታ እጁን ቧንቧው ላይ ታጠበ።

«ደጅ ነበር» አለ። «ላስቲኩ ቤት አደረገው።»

ለእንቅልፍ ገባ። ኢፍቱ ጣሳውን አንሥታ ከውሃው በርሜል ኋላ ደበቀችው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልዕልት ስትደውል «ባዘቶ ሞተች» ብቻ አለቻት።

በማግሥቱ ያደታ ለሥራ ሲወጣ የጫማውን ገመድ እያሰረ «ለጓደኛሽ ነገርሻት?» አላት።

«ነገርኳት።»

«ምን ብለሽ?»

ኢፍቱ ወደ ውሃው በርሜል አየች። ያደታ ሁለተኛውን ጫማ አሰረ። ባትሪውን ኪሱ ከተተና ሄደ።

ቅዳሜ ልዕልት መጣች። ዐይኗ አብጧል። ፌስታሉ ውስጥ ጎመን አልነበረም፤ ትንሽ ሰማያዊ ብርድ ልብስና የታጠፈ ላስቲክ ነበር። አለሚቱን ሳመችና በቀጥታ ወደ ጥንቸሉ ሄደች። ወያላን አውጥታ አፏን ጆሮው ላይ ደቀነች።

«ይቅርታ፣ እሺ? ይቅርታ የኔ ወያላ።»

ወያላ ከእቅፏ ለመውጣት ታገለ።

«ለእማዬ ነገርኳት» አለች ልዕልት። «‹በእኔ ምክንያት ጥንቸል ሞተች› አልኳት። የወንድሜን የማሙሽን ብርድ ልብስ ሰጠችኝ። ‹ይሄኛውን አሙቂው› አለችኝ።» ወያላን ወደ ቤቱ መለሰችና ላስቲኩን ዘረጋች። «ነይ ጫፉን ያዢልኝ።»

ኢፍቱ ጫፉን ያዘች። ላስቲኩ እጇ ላይ ተንኮሻኮሸ።

«ጠበቅ አድርጊው። ቀዳዳ እንዳይኖረው። ደግሞ ምን አስቤ መሰለሽ? እናትሽ ማታ ማታ ፍም ታወጣ የለ? ትንሽ ከሥሩ ብታደርጊለትስ?»

ኢፍቱ መልሱን ታውቀዋለች። «እማዬ አትፈቅድም» ማለት ነው። ልዕልት አለሚቱን ስለምታውቃት ታምናለች። ላስቲኩንም ማታ እሷ ስትሄድ ማንሣት ይቻላል። ወያላ አይሞትም። ሌላውም እንዳለ ይቀራል።

የልዕልትን እጆች አየች። ጥፍሮቿን እስከ ሥጋው በልታቸዋለች። ድሮ እንደዚያ አታደርግም ነበር።

ላስቲኩን ለቀቀችው።

«ምነው?» አለች ልዕልት።

ኢፍቱ ወደ በርሜሉ ሄደች። ጣሳውን ይዛ ተመለሰችና መሬት ላይ፣ በሁለቱ መሐል አስቀመጠችው። ሆዱ በእሳት ጠቁሯል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ማክሰኞ ማታ እዚህ ሥር ነበር። ፍም ሞልቼበት። ላስቲክም ሸፍኜ ነበር።»

ልዕልት ጣሳውን አየች። ኢፍቱን አየች። «ሸፍነሻቸው ነበር?»

«እሷን። ወያላ አምልጦኝ ደጅ አደረ። ውርጭ ላይ ነው ያደረው፤ ምንም አልሆነም።»

«ብርዱ አይደለማ።»

«አይደለም። አንቺ ልክ ነበርሽ።»

ኢፍቱ እዚህ ላይ ብታቆም ይቀላት ነበር። «ሌላም አለ» አለች፣ ስለ ፀጉሩም ነገረቻት። ስለ አልጋው። እጇ ምን እንደነካ። ልዕልት ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ነበሩ?»

«አልቆጠርኳቸውም።»

«የት ናቸው?»

ኢፍቱ ወደ ጌሾው አመለከተች። ልዕልት ወደዚያ አየች፤ አልተነሣችም። ወያላ አፍንጫውን በወንፊቱ አውጥቶ ሽቦውን ይነክሳል።

«እኔ እኮ ምግብ አልወርድ ብሎኝ ነበር የሰነበትኩት» አለች ልዕልት። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ገደልኳት እያልኩ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም።»

ተነሣች። ብርድ ልብሱን አራግፋ አጠፈችው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክላ። ላስቲኩንም ጠቀለለች። ሁለቱንም ፌስታሉ ውስጥ ከተተች። አለሚቱ ከቤት ብቅ አለች።

«ውይ ልዕልት፣ ምሳ ሳትበዪ?»

«ሌላ ጊዜ እትዬ።»

የግቢው በር ተዘጋ። ኢፍቱ የእግሯን ድምፅ ኮረኮንቹ ላይ ሰማችው፤ ከዚያ የታክሲውን ረዳት ጥሪ፣ ከዚያ የሚያልፍ መኪና ብቻ። አለሚቱ ልጇን አየቻት፤ መሬት ላይ ያለውን ጣሳ አየች። ወደ ቤት ተመልሳ ገባች።

ሲመሻሽ ብርዱ ከወንዙ በኩል ተነሣ። ኢፍቱ የረጠበውን ገለባ ጠርጋ አወጣች፣ ደረቅ ጨመረች። ወንፊቱ ለነፋሱ ጀርባውን እንዲሰጥ ቤቱን በአንድ በኩል፣ ከዚያም በሌላው በኩል እየጎተተች አዞረችው። የአባቷ ላስቲክ ግድግዳው ሥር ነው። እጇ ወደዚያ ሄደ። መለሰችው።

ወያላ ሽቦው ሥር ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። ነፋሱ የጀርባውን ፀጉር ጫፍ ጫፉን ይነካዋል። ኢፍቱ ጣቷን አስገብታ ከፀጉሩ ሥር ሙቀቱን ፈለገች፤ አገኘችው።

ጣሳውን ከመሬት አነሣችው። ወደ በርሜሉ ኋላ አልወሰደችውም። በበር የሚገባ ሰው በሚያየው ቦታ፣ በጥንቸሉ ቤት ጣራ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የእናቷን ስልክ ልታመጣ ገባችና ይዛው ወጥታ ቧንቧው አጠገብ ቆመች። አልደወለችም። ልዕልት ከደወለች እንዳያመልጣት ነው።