ለጽጌ ያላነበብኩት ገጽ

ሙት መጣ፣ መንፈስ ታየ የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ እመኑኝ፣ እናቴ እንኳ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ታገኚዋለሽ» እስክትለኝ ድረስ በዚህ ወሬ የምስቅ ሰው ነኝ። ይህን የማጫውታችሁም ላስፈራራችሁ ብዬ ሳይሆን ሆኖ ስላየሁት ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ቤይሩት፣ ጃል ኤል ዲብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሰው ቤት እሠራ ነበር። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ጽጌ የምትባል የደብረ ታቦር ልጅ ትሠራለች። ማዳሞቻችን ስለማይዋደዱ መገናኘት አልተፈቀደልንም፣ ግን የወጥ ቤቶቻችን መስኮቶች የሚከፈቱት ሕንፃው መሃል ወዳለ አንድ ጠባብ ክፍተት ነው፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሹክሹክታ ሳይቀር ይሰማል።

አንዲት አዲስ መጪ በሻንጣዋ ያመጣቻቸው ተከታታይ የአማርኛ መጻሕፍት እጄ ገቡ፣ ሽፋናቸው ተገንጥሏል። ሻለቃ ደርቤ የሚባል የአዲስ አበባ ወንጀል መርማሪ አለ፣ ሲመሽ ጅብ የሚሆን የመርካቶ ልብስ ሰፊ ወሬ ያቀብለዋል፣ የቢሮው ጸሐፊ ስንዱ ደግሞ የሞተች ናት፣ ግን መሞቷን ስለማታውቅ በየጠዋቱ ቢሮ ገብታ ታይፕ ትመታለች፣ የነገሯት ዕለት ስለምትጠፋ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ እየሳቅኩ ነበር የማነበው።

ጽጌ ማንበብ አትችልም፣ ስለዚህ ማዳሞቹ ከሰዓት በኋላ ሲተኙ በመስኮቱ አነብላታለሁ። ከእሷ ወጥ ቤት ወደ እኔ የሚወርደውን የውሃ ቧንቧ በማንኪያ ሁለቴ ከመታች «ቀጥዪ» ነው፣ አንዴ ከመታች ማዳሟ ተነስታለችና «ዝም በይ» ነው።

«ያላ፣ የስንዱን አንብቢልኝ» ትለኛለች አረብኛ እየቀላቀለች፣ ጅቡ ግድ አይሰጣትም።

«ስንዱ እኮ ሞታለች፣ ምን ያንሰፈስፍሻል?» እላታለሁ ልለክፋት።

«ኸላስ! ካልነገሯት አልሞተችም!»

ከዚያ ጽጌ ማሳል ጀመረች። ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ ስላት «ያኒ ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ትላለች፣ እኔ ግን ፈራሁላት፣ እህት የለኝም፣ እዚያ አገር እህቴ እሷ ነበረች።

የመጨረሻው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ የደረስን ዕለት መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። «ጽጌ፣ አለሽ?» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ቧንቧው ሁለቴ ተመታ፣ ሳልም የለም፣ ተሽሏት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሻለቃ ደርቤ የስንዱን ገዳይ ለመያዝ የእሷን ምስክርነት ይፈልጋል፣ ለዚህም መሞቷን ሊነግራት ግድ ሆነበት፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና «ስንዱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። ገጹን ልገልጥ ስል ቧንቧው አንዴ ተመታ፣ በኃይል፣ ተደግፌው ስለነበር ክንዴን ነዘረኝ። ማዳሟ ተነሳች ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁ።

ሲመሽ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ የሕንፃው ዘበኛ «ከላይ ያለችው ጓደኛሽ እንዴት ሆነች?» አለኝ። ምን ሆነች ስለው፣ ጠዋት ተሸክመው ሆስፒታል እንደወሰዷት፣ ባለቤቶቹም አብረው እንደሄዱና ቤቱ እንደተቆለፈ ነገረኝ፣ ቁልፉንም ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ።

ቧንቧ ውሃ ሲመጣ ይንኳኳል ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ፣ ግን በዚያ ሕንፃ መብራት ከሌለ ውሃ ወደ ላይ አይወጣም።

ማዳሟ ስትመለስ ደረጃ ላይ ጠብቄ ጠየቅኳት። «ሳፈረት» አለችኝ፣ አገሯ ሄደች ማለቷ ነው፣ ዓይኔን ግን አላየችኝም። ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ውስጥ የማውቃቸውን ሐበሾች ሁሉ ጠየቅኩ፣ አየኋት ያለ የለም፣ ሞታለች ያለም የለም።

መጽሐፉ ዛሬም እኔ ጋ ነው፣ ከዚያች ገጽ ግን አላለፍኩም። በመንፈስ አላምንም፣ ነግሬያችኋለሁ። ባለፈው አንዷ ጎረቤቴ ከመደርደሪያ አንስታው፣ ያቆምኩበትን ገጽ ገልጣ ጮክ ብላ ማንበብ ስትጀምር ከእጇ ነጠቅኳት።

«ምነው?» አለችኝ ደንግጣ።

«ቀስ በይ» አልኳት፣ «ትሰማለች።»