የዴልበርት ካውፍማን የመጀመሪያ ሽጉጥ

ዴልበርት ካውፍማን በጓሮው በረንዳ ላይ በደረቱ እንደተደፋ ተገኘ። አንድ እጁ የወጥ ቤቱን ደፍ አልፏል። ከወንበሩ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ደሙ ጣውላው ላይ ተጎትቷል። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ጨርቅ፣ የጠመንጃ ዘይትና አንድ ባዶ የጥይት ካዝና ተቀምጠዋል። ሽጉጡ ከወንበሩ ሥር ወድቋል።

«ሲያጸዳው ባርቆበት ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ካዝናውን አወጣ፤ አንዷ ጥይት በርሜሉ ውስጥ መቅረቷን ረሳ። ስንቱ እንዲህ ሞቷል።»

መርማሪ ናዲን ፕሩት ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች። በዚያ ዓመት ያየችው ሬሳ በዝቶባታል፤ ጡረታዋ ደርሷል፤ ወገቧ ያማታል። ይባስ ብሎ ሟቹን ታውቀዋለች። ልጆቿን በትምህርት ቤት አውቶቡስ ያመላልስ የነበረ ሰው ነው።

ሽጉጡን ሳትነካ ረጅም ጊዜ አየችው። ተንሸራታቹ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ እንደተሳበ፣ ክፍቱን ቆሟል። ካዝናውንም አየችው፤ ደም የሚባል ነገር የለበትም።

«ፎቶ አንሱልኝ» አለች። «ከዚያ አሽጋችሁ ውሰዱት። ከቤተሰቡ ማንም እንዳያየው።»

የሟች ሚስት ኦሌታ የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ከትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ስትመለስ ነው ያገኘችው።

«የነኩት ነገር አለ?» አለቻት ናዲን።

«እሱን ብቻ። ፊቱን። ሽጉጡን ዞር ብዬም አላየሁት።»

«መቼ ነው የገዛው?»

«ዛሬ ጠዋት። ዓመት ሙሉ ሲመርጥ ከርሞ!» ልትስቅ ሞክራ አቃታት። «አባቱ ሠራዊት ውስጥ የታጠቀውን ዓይነት ነበር የሚፈልገው፤ ያንን ጠፍጣፋውን፣ የድሮውን። ውዱን አይቶ ይመጣና ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። እኔም ‹ርካሹን ግዛና ገላግለኝ› አልኩት። ርካሹ ጥቁር የጎማ እጀታ ነው ያለው። እጀታውን ይጠላዋል፤ ግን አቅማችን እሱ ነው።»

ቨርሊን ሜይስ የሚባል የሟች ጓደኛ መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሃያ ዓመት በውትድርና የኖረ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ አብረው ሊተኩሱ ተቀጣጥረው ነበር። እሱ ሲደርስ ግን ግቢውን ፖሊስ ሞልቶታል።

«ምን መክረኸው ነበር?» አለችው።

«ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ስም አይግዛ፤ የሚሠራ ዕቃ ይግዛ። የተረፈችህን ለጥይትና ለልምምድ አውላት አልኩት።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ደግሞ፣ ‹እጅህ እስኪለምድ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ክተት። ያችን ወደ በርሜሉ አጉርስ፣ ተኩስ፣ እረፍ› አልኩት። ዴልበርት የተነገረውን የሚያደርግ ሰው ነው።»

የሟች ታላቅ ወንድም ሮይስ ከከተማው ዳር በአንድ ተጎታች ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ከእስር ቤት ከወጣ ብዙ አልቆየም። መሣሪያ ከነካ ወደዚያው እንደሚመለስ እሱም ናዲንም ያውቃሉ።

«ዴልበርትን መቼ አየኸው?»

«ከገና በኋላ አላየሁትም።» ሲጋራ ለኮሰ። «ስንቴ ነገርኩት መሰለሽ! ሪቮልቨር ግዛ፤ ከፈት አድርገህ ስድስቱንም ቀዳዳ ታያለህ፤ አለ፣ የለም፣ አለቀ። እሱ እቴ! አባባን ካልመሰልኩ ብሎ ያንን የእንጨት እጀታ ያለውን ርካሽ ጉድ ገዛ። ይኸው፣ ገደለው።»

ናዲን መኪናዋ ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ቆየች። ደክሟታል፤ ወዴት እያመራች እንደሆነም ከወዲሁ ታውቋታል።

መሣሪያ ሻጩ ሊንደን ሃክ ሱቁን ዘግቶ ነበር፤ ስታንኳኳ ከፈተላት።

«ርካሹን ነው የሸጥኩለት፤ ርካሽ ማለት ግን መጥፎ ማለት አይደለም፤ ደህና ዕቃ ነው» አለ እንደሚከራከር ሰው። «እጀታውን እያየ ፊቱ ጭፍግግ ሲልብኝ አሳዘነኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አሮጌ የእንጨት እጀታ ነበረኝ። ጎማውን ፈትቼ እሱን አሰርኩለት፤ በነፃ። እንደ ልጅ ነው የሳቀው።»

«ይህን ያየ ሌላ ሰው ነበር?»

«ማንም። ብቻችንን ነበርን። ቀጥታ ቤቴ ነው የምሄደው ብሎኝ ወጣ።»

«የሱን ዓይነት ሽጉጥ አንድ አውሰኝ» አለችው። «ባዶውን።»

ከቀብሩ በፊት በነበረው ቀን አራቱን በኦሌታ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ጎረቤት ያመጣው የማካሮኒ ጥብስ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ሮይስ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«የምለውን ብዙ አልወደውም» አለች ናዲን። «ግን መባል አለበት።»

የተዋሰችውን ሽጉጥ አወጣች። ባዶነቱን ለሁሉም አሳየችና ካዝናውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስባ ለቀቀችው። ቷ ብሎ ተዘጋ።

«ሽጉጡ ሲተኮስ ይህ ብረት በራሱ ኃይል ወደ ኋላ ሄዶ ይመለሳል። ካዝና ከሌለ እንዲህ ይዘጋል።» አሁን ባዶውን ካዝና ከታ ብረቱን ሳበች። ብረቱ ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ቀረ። «ያለቀ ካዝና ውስጡ ካለ ግን ክፍቱን ይቆማል። ጥይቴ አልቋል ማለቱ ነው። እውነት ነው፣ ሊንደን?»

«እውነት ነው።»

«የዴልበርት ሽጉጥ ክፍት ነበር። እንግዲህ ሲተኮስ ካዝናው ውስጡ ነበር ማለት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ከተኩሱ በኋላ ነው። ዴልበርት ራሱ አወጣው እንዳንል፣ እጁ በደም ተነክሮ ነው ወደ በሩ የተሳበው፤ ካዝናው ላይ ደግሞ ጠብታ የለም። ሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው ባርቆበት እንዲመስል አሰናዳው።»

ኦሌታ ቀሚሷን በእጇ ጨመደደች።

«ሊንደንና ቨርሊን ይህን ብረት ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል፤ ክፍቱን አይተዉትም ነበር። ኦሌታን ቀኑን ሙሉ ሥራ ቦታ አይተዋታል። ያሰናዳው ሰው ሪቮልቨር እንጂ ይህን አያውቅም።» ወደ በሩ ዞረች። «ሮይስ፣ ‹የእንጨት እጀታ› አልከኝ። ኦሌታ እንኳ የምታውቀው የጎማውን ነው። እንጨቱ የታሰረው ዴልበርት በሞተበት ጠዋት ነው። እኔም ሽጉጡን ለማንም አላሳየሁም።»

ሮይስ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። አልካደም።

«ጠርቶ አሳየኝ» አለ። «ደስ ብሎት ነበር። አንድ አጉርሶ ሊተኩስ ሲል ነው የደረስኩት፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ቢራ ሊያመጣልኝ ገባ። እኔ አነሳሁት። ካዝናውን አውጥቼ አየሁ፤ ባዶ ነው። ጥይቷ በርሜሉ ውስጥ መሆኗን አላወቅኩም። መለስኩት። እንዳይተኮስ የምትይዘውን፣ ከጎኑ ያለችውን ቁልፍ ነካሁ። ተመልሶ ሲቀመጥ፣ ‹እጅ ወደ ላይ!› አልኩት። ለቀልድ። ልጆች ሆነን እንደምንለው። ቃታውን ሳብኩ።»

ቨርሊን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ይህን አምንሃለሁ» አለች ናዲን። ድምጿ ዝቅ ብሏል። «ይህ ብቻ ቢሆን አልቅሰን በተለያየን ነበር። ግን ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል። አምቡላንስ ቢጠራለት ይተርፍ እንደነበርም ነግሮኛል።»

ኦሌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ተናግሯል?»

ሮይስ ጉልበቱ ላይ ያለውን ኮፍያ በጣቶቹ አዞረ።

«ሮይስ። ዴልበርት ተናግሯል ወይ?»

«‹ደውልልኝ› አለኝ።» እንባው በጺሙ ላይ ወረደ። «መሣሪያ ነክተሃል ብለው ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ኦሌታ፣ እዚያ እንደገና መግባት አልችልም ነበር። ዘይቱን አወጣሁ፣ ጨርቁን ዘረጋሁ… እሱ እያየኝ።»

ከውጭ የመኪና ድምፅ አልፎ ራቀ። ኦሌታ ተነስታ ፊቱ ቆመች። ትመታዋለች ብለው ሊንደንና ቨርሊን ከወንበራቸው ተነሱ፤ እሷ ግን እጇን አላነሳችም።

«ነገ እኔ እቀብረዋለሁ» አለችው። «አንተ ግን ሳይሞት ነው የቀበርከው።»

ናዲን የሮይስን ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ ሰጠችው። የእጅ ሰንሰለቱን ከቀበቶዋ አላወጣችም። አሮጌ ሰው ነው፤ የትም አይሮጥም። ደረጃውን ሲወርድ ክንዱን ያዘችለት፤ ኦሌታም በሩን ከኋላቸው ቀስ ብላ ዘጋችው።